ለመጀመሪያው የፊልም ድርሰቴ የትኛውን ሶፍትዌር ልግዛ?

ጥያቄ፦ የመጀመሪያዬን ረጅም የፊልም ድርሰት በአማርኛ እየጻፍኩ ነው። የምሠራው በዊንዶውስ ኮምፒዩተሬ ላይ በማይክሮሶፍት ወርድ ሲሆን ከስልሳ ገጽ በላይ ደርሻለሁ። ነገር ግን አንድ ትዕይንት ባወጣሁ ወይም ባስገባሁ ቁጥር ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይዛባብኛል፤ የገጸ ባሕርይው ስም በአንዱ ገጽ ግርጌ ይቀርና ንግግሩ ወደ ሌላው ገጽ ይሻገራል። አንድ ጓደኛዬ ፋይናል ድራፍት የተባለው የስክሪፕት መጻፊያ ሶፍትዌር የሌለውን ሰው ድርሰት ማንም ባለሙያ እንደማያነብ ነገረኝ። ሌላው ነጻ ፕሮግራም ይበቃል ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ያለ ፈቃድ በነጻ እንዲሠራ የተደረገ ቅጂ ሊሰጠኝ ፈቃደኛ ነው። አብሮኝ የሚጽፍ ባልደረባ አለኝ፤ የምንኖረው በተለያየ ከተማ ነው፣ ኢንተርኔቴም ሁልጊዜ አይሠራም። የትኛውን ልግዛ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ «ማንም ባለሙያ አያነበውም» የሚለው ነገር ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ይህ እውነት አይደለም፤ ብዙ ጀማሪዎችንም ከመጻፍ አዘናግቶ ዕቃ ወደ መሸመት ስለሚመራ ጎጂ ነው። ድርሰትዎን የሚቀበል ፕሮዲውሰር፣ ዳይሬክተር ወይም የውድድር ዳኛ በመጀመሪያ ንባቡ የሚከፍተው የፒዲኤፍ ፋይል ነው። ገጹ በተለመደው የስክሪፕት አቀማመጥ እስከተሰናዳ ድረስ ከየትኛው ፕሮግራም እንደወጣ አይጠይቅም፤ ዓይኑ ወዲያው ወደ ታሪኩ ይሄዳል።

ያ አቀማመጥ ከጽሕፈት መኪና ዘመን የተወረሰ ነው። በእንግሊዝኛ ድርሰቶች የሚሠራበት ባለ 12 ነጥብ ኩሪየር የተባለው ፎንት ለእያንዳንዱ ፊደል እኩል ስፋት ስለሚሰጥ በአንድ ኢንች አግድመት 10 ፊደላት፣ በአንድ ኢንች ቁመት ደግሞ 6 መስመሮች ይገባሉ። በስተግራ አንድ ኢንች ተኩል የሚተወው ለመጠረዣ ነው፤ ንግግር ከወረቀቱ ግራ ጠርዝ ሁለት ኢንች ተኩል ያህል ገባ ብሎ በጠባብ ዓምድ ይጻፋል፣ የተናጋሪው ስምም ከበላዩ ይበልጥ ወደ መካከል ገብቶ ይቀመጣል። ልኩ እንዲህ የጸና መሆኑ አንድ ገጽ በግምት አንድ የፊልም ደቂቃ ነው የሚለውን መለኪያ አስገኝቷል፤ ስለዚህም 110 ገጽ ያለውን ድርሰት በእጁ የያዘ አንባቢ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ፊልም እየጠበቀው መሆኑን ገና ሳያነብ ያውቃል።

ይህን አቀማመጥ በወርድም ማግኘት ይቻላል። ለትዕይንት ርእስ፣ ለድርጊት፣ ለተናጋሪ ስምና ለንግግር የየራሳቸውን ስታይል (የአንቀጽ አቀማመጥ ቅንብር) ካዘጋጁና የስሙ አንቀጽ ከሚከተለው አንቀጽ እንዳይለይ ካዘዙ፣ አብዛኛው ችግርዎ ዛሬውኑ ይቃለላል። ከገለጻዎ እንደምረዳው ግን ክፍተቱን በስፔስና በታብ እየሞሉ፣ ገጹንም ኢንተር በመደጋገም እየገፉ ሳይሆን አይቀርም፤ አንድ ትዕይንት ሲነሣ ቀሪው ሁሉ የሚዛባው ለዚህ ነው። የስክሪፕት ሶፍትዌር ከወርድ የሚለየው እያንዳንዱ አንቀጽ የትዕይንት ርእስ ይሁን ንግግር ለይቶ በማወቁ ነው። ይህን ስለሚያውቅ ርእስን በገጽ ግርጌ ብቻውን አይተወውም፤ ረጅም ንግግር ለሁለት ገጽ ሲከፈል ከታች መቀጠሉን የሚያመለክት ቃል፣ በሚቀጥለው ገጽ አናት ላይ ደግሞ የተናጋሪውን ስም ራሱ ያስገባል፤ አንድ ገጸ ባሕርይ በየትኞቹ ትዕይንቶች እንደሚገኝ ሲጠይቁትም ዘርዝሮ ያቀርባል። ከዚህ የዘለሉት ነገሮች፣ ማለትም ባለ ቀለም ካርዶች፣ የታሪክ ሰሌዳዎችና የገጸ ባሕርይ መጠይቆች፣ ለአንዳንድ ጸሐፊ ይጠቅሙ ይሆናል። የግዢ ምክንያት ሊሆኑ ግን አይገባም፤ ካርድን ለማደራጀት የሚጠፋው ሰዓት ከመጻፊያው ሰዓት ላይ የሚቀነስ ነው።

እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምመዝነው ብዙ ሰው መጨረሻ ላይ የሚያስታውሰውን ጥያቄ ነው፦ ጽሑፌ ከዚህ ፕሮግራም እንዴት ይወጣል? ድርሰት ለዓመታት የሚሠራበት ነገር ነው፤ ሶፍትዌሩ ግን የዚያን ያህል ላይቆይ ይችላል። የአዶቢ ኩባንያ ያቀርበው የነበረው አዶቢ ስቶሪ እ.ኤ.አ. በ2019 ተዘግቷል፤ አማዞን ለጸሐፊዎች በነጻ ከፍቶት የነበረው ስቶሪራይተርም በዚያው ዓመት አገልግሎቱን አቁሟል። ኬልቲክስ በኮምፒዩተር ላይ ተጭኖ በነጻ ይሠራ የነበረውን ፕሮግራሙን ትቶ ወደ ኢንተርኔት አገልግሎትና ወደ ደንበኝነት ክፍያ ተሻግሯል። እነዚህ በታላላቅ ኩባንያዎች የተደገፉ ወይም እጅግ ብዙ ተጠቃሚ የነበራቸው ፕሮግራሞች ናቸው። ስለዚህ ሊገዙት ያሰቡት ሶፍትዌር ምንም ያህል ቢያምር፣ ድርሰትዎን ሌላ ፕሮግራም ሊያነበው በሚችል መልክ አውጥቶ የማይሰጥዎ ከሆነ ይለፉት። ፒዲኤፍ ማውጣቱ ብቻ አይበቃም፤ ፒዲኤፍ ለአንባቢ የሚላክ እንጂ ተመልሶ የሚታረም ፋይል አይደለምና።

በዚህ ረገድ ሁለት የፋይል ዓይነቶችን ማወቅ ይበቃዎታል። አንደኛው የፋይናል ድራፍት ፋይል የሆነው ኤፍዲኤክስ ነው። ውስጡ ኤክስኤምኤል በተባለው ሌሎች ፕሮግራሞችም በሚረዱት የጽሑፍ ሥርዓት የተዋቀረ በመሆኑ ሌሎችም ሊያነቡት ችለዋል፤ ፌድ ኢን፣ ራይተርዱዌት፣ አርክ ስቱዲዮና ሃይላንድ የተባሉት የስክሪፕት ፕሮግራሞች ይህን ፋይል ያስገባሉ፣ ያወጣሉም። ወደፊት አንድ ፕሮዲውሰር «የፋይናል ድራፍቱን ፋይል ላክልኝ» ቢልዎ፣ ፋይናል ድራፍት ሳይኖርዎት ሊልኩለት የሚችሉት በዚህ መንገድ ነው። ሁለተኛው ፋውንቴን ይባላል። የፊልም ጸሐፊው ጆን ኦገስት፣ ስቱ ማሽዊትዝና ሌሎች ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ ያደረጉት ይህ ሥርዓት፣ ድርሰትን በተራ ጽሑፍ ለመጻፍ የተደረገ ስምምነት እንጂ ራሱን የቻለ ፕሮግራም አይደለም። የትዕይንት ርእስን፣ ስምንና ንግግርን በአጻጻፋቸውና በመካከላቸው በሚተወው ባዶ መስመር ይለያል። ፋይሉን በዊንዶውስ ላይ ባለው ኖትፓድ ወይም በስልክዎ መክፈት ይችላሉ፤ ሁሉም የስክሪፕት ኩባንያዎች ቢዘጉ እንኳ ጽሑፍዎ እንደተነበበ ይኖራል። በእኔ ዕይታ ለጀማሪ ጸሐፊ ከዚህ የተሻለ ዋስትና የለም።

አሁን ወደ አማርኛው ልምጣ። ጓደኞችዎ በሰጡዎት ምክር ውስጥ ይህ ጉዳይ ጨርሶ አልተነሣም፤ ለእርስዎ ግን ምርጫውን የሚወስነው ይህ ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች የተሠሩት ለላቲን ፊደል ነው። የተናጋሪን ስም የሚያውቁት በትልልቅ ፊደላት በመጻፉ ሲሆን፣ የትዕይንት ርእስን የሚለዩት ደግሞ የውስጥና የውጭ ትዕይንትን በሚያመለክቱት የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃላት ነው። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል መልክ የለውም፤ «ውስጥ» እና «ውጭ» የሚሉት ቃላትም ለፕሮግራሙ ከማንኛውም ቃል አይለዩም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ራሱ ይለየዋል ብሎ መተማመን አይቻልም፤ አንዱ የተናጋሪን ስም እንደ ድርጊት፣ ሌላው ተራውን የድርጊት መስመር እንደ ስም ሊወስደው ይችላል።

መፍትሔው ግን ቀላል ነው። በፋውንቴን ከትዕይንት ርእሱ በፊት አንድ ነጥብ፣ ከተናጋሪው ስም በፊት የኢሜይል አድራሻ መካከል የምንጽፈውን @ ምልክት፣ በስሕተት እንደ ስም ከሚወሰድ የድርጊት መስመር በፊት ደግሞ ቃለ አጋኖ ቢያስቀድሙ፣ ፕሮግራሙ መስመሩን እንዳዘዙት ይወስደዋል፤ ምልክቶቹም በሚታተመው ገጽ ላይ አይታዩም። እንደ ፋይናል ድራፍትና ፌድ ኢን ባሉት ፕሮግራሞች ደግሞ የአንቀጹን ዓይነት በታብና በኢንተር ወይም ከዝርዝሩ መርጠው ስለሚወስኑ፣ በፊደሉ ምክንያት የሚደናገሩበት አጋጣሚ ያነሰ ነው። በነጻ በመገኘቱ የሚመሰገነው ትሬልቢ የተባለው ፕሮግራም ግን የቆዩት ቅጂዎቹ ከምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች ፊደላት ውጭ ያለውን ጽሑፍ ስለማይቀበሉ፣ ሌላው ጓደኛዎ ያሰበው እሱን ከሆነ አስቀድመው አንድ መስመር አማርኛ ጽፈው ይሞክሩት።

ከዚያ የሚከተለው የፎንት ጉዳይ ነው። ኩሪየር የአማርኛ ፊደላትን አልያዘም፤ በኩሪየር አማርኛ ሲጽፉ ኮምፒዩተርዎ ሳይነግርዎ እንደ ኒያላ ወይም ኤብሪማ ያለ ሌላ ፎንት ይተካበታል። የተተካው ፎንት የፊደላቱ ስፋት እኩል አይደለም፣ የመስመሩም ቁመት ሊለያይ ይችላል። በዚህ ላይ የእኛ አንድ ፊደል ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ስለሚይዝ፣ «ሰላም» የሚለው ቃል በሦስት ፊደል ሲያልቅ በላቲን አምስት ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ነው የሚለው መለኪያ በአማርኛ ገጽ ላይ እንዳለ አይሠራም፤ ስልሳ ገጽዎ ከሚያስቡት በላይ የረዘመ ፊልም ሊሆን ይችላል። እኔ የምመክርዎ ንግግር የበዛባቸውንና ድርጊት የበዛባቸውን ጥቂት ገጾች መርጠው፣ ሰዓት ይዘው፣ በተዋናይ ፍጥነት ድምፅዎን አውጥተው እንዲያነቡና የእርስዎ ገጽ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ እንዲያውቁ ነው። ከዚያ በኋላ ፎንቱንም፣ መጠኑንም፣ የወረቀቱንም ልክ አይለውጡ። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች የሚነሡት ሌተር በተባለው የአሜሪካ ወረቀት ነው፤ ኤፎር ከእሱ 18 ሚሊሜትር ገደማ ስለሚረዝም በየገጹ አራት ያህል መስመር ይጨምራል፤ ይህም በመቶ ገጽ ላይ ቀላል የማይባል ልዩነት ያመጣል። ከባልደረባዎ ጋር በአንድ ፎንትና በአንድ የወረቀት ልክ መስማማታችሁም ለዚህ ነው አስፈላጊ የሚሆነው፤ አለዚያ አንዱ «ገጽ 42» ሲል ሌላው የሚከፍተው ሌላ ትዕይንት ይሆናል።

ፋይናል ድራፍት ዝናውን ያገኘው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ይህንንም መንገር ይገባኛል። ጥቅሙ ይበልጥ የሚታየው ግን ድርሰቱ ተጽፎ አልቆ ወደ ቀረጻ ሲገባ ነው። በዚያን ጊዜ ረዳት ዳይሬክተሩ የቀረጻውን መርሐ ግብር የሚያወጣው በትዕይንት ቁጥሮች ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ርዝመታቸውንም ገጹን በስምንት ከፍሎ ይለካል። ስለዚህ ቁጥሮቹ ይቆለፋሉ። በ24 እና በ25 መካከል አዲስ ትዕይንት ቢገባ ቀሪዎቹ ቁጥራቸው አይቀየርም፤ አዲሱ በቁጥሩ ላይ ፊደል ተጨምሮለት ይገባል፣ የተሰረዘ ትዕይንትም ቁጥሩ ለሌላ ሳይሰጥ «ወጥቷል» ተብሎ ይቀመጣል። ገጾቹም ይቆለፋሉ፤ ገጽ 47 ላይ የተጨመረ ንግግር ሞልቶ ሲፈስ 48ን አይገፋም፣ በመካከላቸው ሌላ ገጽ ይወለዳል። የታረሙት ገጾች ብቻ በሰማያዊ፣ ቀጥሎ በሮዝ፣ ከዚያም በቢጫ ወረቀት እየታተሙ ይከፋፈላሉ፣ በተለወጠው መስመር ቀኝ ጠርዝም ኮከብ ይደረጋል፤ ሁሉም ሰው የተለወጠውን ብቻ ነቅሎ የሚተካው በዚህ ነው። ይህን ሥራ በወርድ ማካሄድ እጅግ አድካሚና ለስሕተት የተጋለጠ ነው። ፋይናል ድራፍት ይህን በሚገባ ያከናውናል፤ ፌድ ኢንም እንዲሁ። እርስዎ ግን ገና የመጀመሪያውን ረቂቅ አልጨረሱም፣ የሚቆለፍ ገጽም የለዎትም፤ ለዚያ ደረጃ የሚሆነውን መሣሪያ ያ ደረጃ ሲደርስ መግዛት ይችላሉ፣ ምናልባትም የሚገዛው ፊልሙን የሚሠራው ድርጅት ይሆናል።

ከባልደረባዎ ጋር አብሮ ስለ መጻፍ ራይተርዱዌትን ብዙ ሰው ይጠቅስልዎታል፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ በአንድ ገጽ ላይ እንዲጽፉ ታስቦ የተሠራ በመሆኑ ለዚህ ዓላማ ከማውቃቸው ሁሉ የተመቸ ነው፣ ያለ ክፍያ የሚሞከርበትም መንገድ አለው። ነገር ግን ጥቅሙ በኢንተርኔት ላይ የተመሠረተ ነው፤ የእርስዎ መሥመር ደግሞ እንደሚቆራረጥ ነግረውኛል። በዚህ ሁኔታ የተሻለው ተራ በተራ መጻፍ ይመስለኛል። ፋይሉ በማንኛውም ጊዜ በአንዳችሁ እጅ ብቻ ይሁን፤ ሌላው እስኪረከብ ድረስ አይንካው፤ ርክክብ በተደረገ ቁጥርም ፋይሉ ቀን የተጻፈበት አዲስ ስም ይሰጠው። የፋውንቴን ፋይል ተራ ጽሑፍ በመሆኑ ሙሉ ድርሰቱ እንኳ መጠኑ እጅግ ትንሽ ነው፤ በደካማ መሥመርም ይላካል። ፋውንቴንን የሚያነቡ እስከሆኑ ድረስ ሁለታችሁ የተለያየ ፕሮግራም ብትጠቀሙም አያግዳችሁም።

ክራክ የተደረገውን ቅጂ በተመለከተ እንዳይቀበሉ አጥብቄ እመክርዎታለሁ። እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ቫይረስ ይዘው የሚመጡበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የሚጫኑትም ብቸኛው ድርሰትዎ ባለበት ኮምፒዩተር ላይ ነው። ከዚህም በላይ፣ እርስዎ ነገ የሚተዳደሩት፣ ሰዎች ሥራዎን ሳይከፍሉ እንዳይወስዱት በሚጠብቀው በዚያው የቅጂ መብት ነው፤ ሶፍትዌሩን የጻፈው ሰውም የሚኖረው በእሱ ነው። በነጻ የሚገኝ በቂ ነገር እያለ ይህን መንገድ የሚያስመርጥ ምንም ምክንያት አይታየኝም።

እንግዲህ ቁርጥ ያለ መልስ ስለጠየቁኝ፦ ለጊዜው ምንም አይግዙ። ከድርሰትዎ ረጅም ንግግር፣ የሌሊት ውጫዊ ትዕይንትና ፈጣን ምልልስ ያሉባቸውን አምስት ያህል ገጾች ይምረጡ፤ እነዚያኑ ገጾች በፌድ ኢን የሙከራ ቅጂ፣ በራይተርዱዌት ነጻ አማራጭና በፋይናል ድራፍት የሙከራ ቅጂ ይጻፏቸው። ከየአንዳንዱ ፒዲኤፍ አውጥተው በሌላ ሰው ስልክ ላይ ይክፈቱት፤ በፊደል ፋንታ ባዶ ሣጥኖች ከታዩ ወይም መስመሮቹ ከተደራረቡ ያ ፕሮግራም ለእርስዎ አይሆንም። ቀጥለው ጽሑፉን በፋውንቴን ወይም በኤፍዲኤክስ አውጥተው በሌላው ፕሮግራም ይክፈቱትና ስም ስም፣ ንግግርም ንግግር ሆኖ መድረሱን ይመልከቱ። የፊደል አራሚው እያንዳንዱን የአማርኛ ቃል በቀይ የሚያሰምርበት ከሆነ ሊያጠፉት የሚችሉ መሆኑንም ያረጋግጡ፤ ቀኑን ሙሉ ቀይ መስመር እያዩ መጻፍ ያደክማል። በዚህ ፈተና ፌድ ኢን ካለፈ፣ ለመግዛት ሲዘጋጁ ምርጫዬ እሱ ነው፤ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል፣ የሚከፈለውም አንድ ጊዜ ነው፣ ሥራውንም ያለ ኢንተርኔት ያከናውናል። ሃይላንድና ቢት የተባሉትን ሰዎች ቢያመሰግኑልዎ፣ የተሠሩት ለአፕል መሣሪያዎች ስለሆነ ለእርስዎ ኮምፒዩተር አይሆኑም።

ስልሳውን ገጽ ለማሸጋገር ግን ፈተናው እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ወደ ፋውንቴን ካዞሩት በኋላ ወደ ፌድ ኢንም ሆነ ወደ ራይተርዱዌት ይገባል፤ ከእነዚህም በኤፍዲኤክስ ወጥቶ ወደ ፋይናል ድራፍት ሊሻገር ይችላል። በወርድ «ሴቭ አዝ» ብለው ተራ ጽሑፍ የሚለውን ይምረጡ፤ ፕሮግራሙ የፊደል አመዳደቡን ሲጠይቅዎ ዩኒኮድን፣ በተለይም ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ይምረጡ፣ አለዚያ ፊደላቱ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆነው ይወጣሉ። ከዚያ በመስመሮቹ መጀመሪያ ላይ የተደረደሩትን ስፔሶችና ታቦች ያጥፉ፤ ገጹን ለመግፋት የገቡትን ትርፍ ባዶ መስመሮችም ያስወግዱ። በስምና በንግግሩ መካከል ባዶ መስመር አይኑር፣ ከስሙ በፊት ግን አንድ ይኑር። የገጸ ባሕርያቱን ስም አንድ በአንድ እየፈለጉ @ መጨመር የሚያሰለች ይመስላል፤ ነገር ግን ስሙ በድርጊት መስመር ውስጥም ስለሚገኝ በጅምላ ከመተካት ይልቅ እያንዳንዱን እያዩ ማለፉ የተሻለ ነው፤ እግረ መንገድዎንም ድርሰቱን ከመጀመሪያው አንድ ጊዜ ያነቡታል። የወርዱን ፋይል ግን ሥራው ሁሉ ተጠናቆ ፒዲኤፉን ከእሱ ጋር ገጽ በገጽ እስኪያመሳክሩ ድረስ አይሰርዙት።